“ሲ ላይ ዕቃ አለሽ?”

ሰኔ በገባ ቁጥር ነቀምቴ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይበዛል። የሚጠየቀው ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ የሞባይል ቻርጀርና ሆዳቸው የተከፈተ ላፕቶፖች ተጨናንቀው በሚውሉባቸው ጠባብ ሱቆች ውስጥ ነው። ጠያቂው የጥገና ባለሙያው ነው። ተጠያቂዋ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት የቀራት፣ ላፕቶፗ በቫይረስ የተያዘባት ተማሪ ናት። “ሲ ላይ ዕቃ አለሽ?” ይላታል። (በአፋን ኦሮሞ ሲጠየቅም “ሲ” ያው “ሲ” ነው፤ አይተረጎምም።) እሷም ትንሽ ታስብና “የለኝም፣ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ነው” ትለዋለች።

ወዳጆች፣ እዚህ መልስ ላይ ቆም በሉልን። ዴስክቶፕ ሲ ነው። ዴስክቶፕ ከስክሪኑ ጀርባ የተንጠለጠለ ልዩ ቦታ አይደለም፤ ሲ ውስጥ፣ “ዩዘርስ” በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በስማችሁ በተከፈተው ፎልደር ውስጥ የሚገኝ ተራ ፎልደር ነው። ዶክዩመንትስም እዚያው ነው። ዳውንሎድስም፣ ፎቶውም፣ ሙዚቃውም። እናም ባለሙያው “እሺ፣ ዲን አልነካም” ብሎ ሲን ፎርማት ሲያደርግ ቃሉን ጠብቋል። ልጅቷም አልዋሸችም። ጽሑፉ ግን የለም። አንዲት የምናውቃት የነርሲንግ ተመራቂ የአራት ወር መረጃዋን ያጣችው ልክ በዚህ መንገድ ነው። ሱቁን አንጠራም፤ ብንጠራውም የጎረቤቱ አሠራር ያው ስለሆነ ፍትሕ አይሆንም።

እኛ የምንለው አጭር ነው። የሰው ሥራና ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት በአንድ ክፍል መኖር የለባቸውም። እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የራሱ ቤት ይኑረው፤ የእናንተ ሰነድ ግን ከሁሉም ቤት ውጭ፣ በራሱ ክፋይ ላይ ይቀመጥ። ይህን ሳያደርግ “ጨርሻለሁ” ብሎ ላፕቶፕ የሚያስረክብ ሰው አልጨረሰም። ግማሽ ሥራ ሠርቶ ሙሉ ዋጋ የሚቀበል ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሌሎቹም እንመጣለን።

ጎምቢሳው የት ነው የቆመው?

ከባኮ ተነስታችሁ በነቀምቴ በኩል እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ድረስ ብትሄዱ በቆሎ የሚያመርተው ገበሬ ግቢ ውስጥ ጎምቢሳ ታያላችሁ። ከእንጨትና ከቀርከሃ ተጠልፎ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ክዳን ተደርጎለት፣ ከመኖሪያ ቤቱ ተለይቶ የቆመ ጎተራ ነው። ገበሬው እህሉን ከምድጃው አጠገብ አይከምርም። ቤቱ ሲያረጅ ያፈርሰዋል፣ ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮ ያለብሰዋል፣ ግድግዳውን እንደገና ይመርጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጎምቢሳው አይነካም። ቤት ለማደስ ሲል እህሉን ሜዳ ላይ የሚበትን ገበሬ አይተን አናውቅም።

የዚሁ ገበሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ላፕቶፕ ሲገዛላት ግን የአራት ዓመት እህሏን ምድጃው ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ማንም “ይህ ምድጃ ነው” ብሎ አልነገራትማ! በኮምፒውተር መግቢያ ትምህርት የኮምፒውተር ትውልዶችን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ በቃሏ ትሸመድዳለች፤ ቫኩም ቲዩብ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሃርድ ዲስክ እንደሚከፋፈልና የራሷ ፋይል በየትኛው ክፋይ ላይ እንዳለ ግን አታውቅም። ቫኩም ቲዩብ ያለው ኮምፒውተር በሕይወቷ አይገጥማትም። ፎርማት ግን በየዓመቱ ይገጥማታል።

ከዶክዩመንቱ ይልቅ የሚያንገበግበው ደግሞ የማይታየው ነው። ዊንዶውስ በስማችሁ ፎልደር ውስጥ “አፕዳታ” የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለው። የብራውዘራችሁ ቡክማርክና ያስቀመጣችሁት የይለፍ ቃል እዚያ ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ የምታስተምሩት ቃልም እዚያ ነው። በወለጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የወርድ እንግሊዝኛ አራሚ ገጹን በሙሉ ቀይ በቀይ ያደርገዋል። በዚህ የተማረረ መምህር ወይም ጋዜጠኛ ቃል በቃል እየመረጠ “ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር” ሲል ይኖራል፤ ከዓመታት በኋላ በሺህ የሚቆጠር ቃል ያለው የግል መዝገበ ቃላት ይኖረዋል። ያ መዝገብ አንዲት ትንሽ ፋይል ናት፤ “ከስተም ዲክ” ትባላለች፤ አፕዳታ ውስጥ ተደብቃለች። ባለሙያው “ዕቃ አለህ?” ሲል እሷን ማን ያስታውሳታል? በዚህ አገር ቃል መልቀም ክብር ያለው ሥራ ነው። አስቴር ጋኖ ከኦኔስሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቃል ስትለቅም ኮምፒውተር አልነበራትም፤ የለቀመችውን በአንድ ጠቅታ የሚያጠፋባትም አልነበረም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሱቁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ቅርባችን ስለሆነ። የመጀመሪያው ተጠያቂ ግን ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ የተጠቃሚው ፎልደር ስም “ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ” ነበር። ሰነድና ቅንብር! ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ የእናንተን ድርሳንና የፕሮግራሞችን ኮተት በአንድ ከረጢት ጠቅልሎ ሲ ላይ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ ሲመጣ ስሙ “ዩዘርስ” ተባለ። ከረጢቱ አልተፈታም፣ ከሲም አልወጣም። ዛሬ ዊንዶውስ 11 ላይም እዚያው ነው። አዲስ ላፕቶፕ ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ዲስክ አንድ ሲ ሆኖ ነው የሚመጣው።

የሊኑክስ ወዳጆቻችን እዚህ ጋ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። አይቸኩሉ። ሊኑክስ የተጠቃሚን ቤት “ሆም” ብሎ ለይቶ መሰየሙ ደግ ነው። በራሱ ክፋይ ላይ ማስቀመጥም የቆየ ልማድ ነው። ግን ኡቡንቱን የጫነ ሰው ጫኚው ባቀረበለት መንገድ “ቀጥል፣ ቀጥል” እያለ ከሄደ ሆም በራሱ ክፋይ ላይ አይቀመጥም፤ ከሥርዓቱ ጋር በአንድ ክፋይ ላይ ያርፋል። ያው ሲ በሌላ ስም። ፌዶራ ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ሆምን በራሱ ንዑስ ክፍል ለይቶ ይጭናል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። (በነገራችን ላይ የዚህ ነገር ታሪክ ያስቃል። የሊኑክስ አያት የሆነው ዩኒክስ በቤል ላብስ ሲወለድ የተጠቃሚዎች ቤት “ዩኤስአር” በሚባለው ፎልደር ሥር ነበር፤ ስሙም ከእነሱ የመጣ ነው። ቀስ በቀስ ፕሮግራሞች እየገቡ ሰፈሩበት፤ በመጨረሻ ባለቤቶቹ ወጥተው ሌላ ቤት ተሠራላቸው። ዛሬ ዩኤስአር ውስጥ ተጠቃሚ የሚባል አይገኝም። በስምህ በተሠራ ቤት ውስጥ ተከራይ መሆን ይሉታል ይህ ነው።)

ሁለተኛው ተጠያቂ ሱቁ ነው፤ እሱን አንምርም። ፎርማት ማድረግ የእውቀት ማነስ መሸፈኛ ሆኗል። ላፕቶፑ ቀፎታል? ፎርማት። ድምፅ ጠፍቷል? ፎርማት። ፕሪንተር አልገናኝ አለ? ፎርማት። ሐኪም ለራስ ምታት ሁሉ ቀዶ ጥገና ቢያዝ ማን ዝም ይለዋል? የሱቁ ልጅ ጎበዝ እንደሆነ እናውቃለን፤ የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ በብየዳ ያስነሳል፣ የተሰበረ ማጠፊያ በቦኖ ይለጥፋል። ይህን የሚችል እጅ ዲስክ ለሁለት መክፈል አቅቶት አይደለም። ማንም ስላልጠየቀው ነው።

አሁን ለምን አነሳነው?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2 የሚባል የደኅንነት አካልና በኢንቴል በኩል ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የወለጋ ተማሪ ጀርባ ላይ ያለው ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ተጠቅመውበት የመጣ፣ “ኮር አይ ፋይቭ 6ኛ ጄኔሬሽን፣ ባትሪው ጥሩ ነው” ተብሎ የተገዛ ነው። በሥርዓቱ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። ስለዚህ ባለቤቶቹ ከሦስት አንዱን ያደርጋሉ፦ ባሉበት ይቀመጣሉ፣ ዊንዶውስ 11ን በጓሮ በር ያስገባሉ፣ ወይም ከዊንዶውስ 10 ጎን ሊኑክስ ይጭናሉ። ሦስተኛውን የሚመርጡ በዙሪያችን አሉ። ማስተርሱን የሚሠራ ወዳጃችን ለስታትስቲክስ ሶፍትዌሩ ዊንዶውስን ይዞ፣ ኢንተርኔትና ጽሑፉን ወደ ሊኑክስ ሚንት አዙሯል።

ጥሩ አድርጓል። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሥርዓት ሲኖር የሰው ሥራ ሁለት ቦታ ይበተናል። ምዕራፍ ሁለት ዊንዶውስ ዶክዩመንትስ ውስጥ፣ የታረመው ምዕራፍ ሁለት ሊኑክስ ሆም ውስጥ፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ አማካሪዋ ሲጠይቋት ልጅቷ ላብ ያጠምቃታል። የከፋው ደግሞ ሊኑክሱ የሚያነበው የዊንዶውስን ክፋይ ሲሆን ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፋይ በቀላሉ አለማየቱ ነው። የማያየውን ክፋይ ደግሞ “ባዶ ነው፣ ፎርማት ላድርገው?” እያለ ይጠይቃል። “እሺ” የሚል ጣት አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሊኑክስን በጣም የሚወዱ ወንድሞቻችን መፍትሔ ብለው የሚያመጡትን እንቃወማለን። “ሁለት ሊኑክስ ጫን፤ ሆምን ለሁለቱም አንድ አድርገው፤ አለቀ” ይላሉ። አላለቀም! ሆም ውስጥ ያለው ሰነድ ብቻ አይደለም። ስማቸው በነጥብ የሚጀምር የተደበቁ ፎልደሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጠባዩን የሚጽፍባቸው። ኡቡንቱ አዲስ ፋየርፎክስ ይዟል፣ ጎኑ ያለው አሮጌ ሥርዓት የቆየ ፋየርፎክስ ይዟል እንበል። አዲሱ የተጠቃሚውን ፕሮፋይል በራሱ ልክ ይሰፋዋል። ከዚያ አሮጌውን ስትከፍቱ፣ ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ቁጥር 67 ጀምሮ፣ “ይህ ፕሮፋይል በአዲስ እትም ተከፍቷል፣ ሌላ ፍጠር” ብሎ ይመልሳችኋል። ፋየርፎክስ ቢያንስ ይናገራል። ሌሎቹ ዝም ብለው ያበላሻሉ፤ ሜኑው ይጠፋል፣ ያስተካከላችሁት የአማርኛ ኪቦርድ ይሰወራል፣ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ይነሳል። ሁለት ምራቶችን በአንድ ጉልቻ ላይ ወጥ ጣዱ ብሎ ማዘዝ ነው። ለእያንዳንዷ ጉልቻዋን ስጧት፤ የሚጋሩት ጎተራውን ይሁን።

ነገሩ ሁሉ እዚህች ልዩነት ላይ ነው ያለው። ቅንብር የሥርዓቱ ነው፣ ሥርዓቱ ሲሞት ቢሞት አይጎዳም። ሰነድ የሰው ነው። ሆምን ለሁሉም አንድ አድርጉ የሚለውና ሁሉንም ሲ ላይ ጣሉ የሚለው ሰው የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ያንኑ ስህተት ነው የሚሠሩት፤ ሁለቱም የሰውን ሥራና የፕሮግራምን ኮተት አልለዩም።

እንዴት ይደረግ?

256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ እንውሰድ፤ በእጃችን የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ለዊንዶውስ 90 ጊጋ ይበቃዋል። ለሊኑክስ ከነሆሙ 40 ጊጋ። የተረፈው ከ100 ጊጋ በላይ ነው፤ እሱ ጎተራ ይሁን። ስሙንም “ጎተራ” ብላችሁ ጻፉበት፤ ባለሙያ ሲያየው ይጠይቃል። ዊንዶውስ ካለ ክፋዩ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን፤ ሁለቱም ያነቡታል፣ ይጽፉበታል።

ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ዶክዩመንትስ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ። ጎተራ ውስጥ አዲስ ፎልደር ምረጡለት። ዴስክቶፕንም እንዲሁ፤ በተለይ ዴስክቶፕን! ከዚያ በኋላ የለመደ እጃችሁ ዴስክቶፕ ላይ ሲያስቀምጥ ፋይሉ ጎተራ ላይ ያርፋል። (ዋንድራይቭ ዴስክቶፑን ቀድሞ ወስዶት ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስለቅቁ።) “ዩዘርስ” የሚለውን ፎልደር በሙሉ ከሲ ላውጣ የሚል ጀግና ካለ ግን ተው በሉት፤ ማሻሻያ ሲመጣ ይጣላል፣ ማይክሮሶፍትም አይመክረውም። አፕዳታ እዚያው ይቅር። ከእሱ ውስጥ የምትፈልጉትን፣ ያቺን መዝገበ ቃላት ጨምሮ፣ በየወሩ ወደ ጎተራ ቅዱት።

ሊኑክስ ላይ ጎተራው ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አድርጉ፤ “ዲስክስ” የሚባለው ፕሮግራም ያለ ምንም ትእዛዝ ጽሑፍ ይሠራዋል። ከዚያ ባዶውን ዶክዩመንትስ አጥፍታችሁ በምትኩ ወደ ጎተራ የሚያመለክት ሊንክ አስቀምጡ። የሊኑክሱ ቤት የራሱ ነው፣ የዊንዶውሱም የራሱ ነው፤ በሁለቱም በኩል የሚታየው ምዕራፍ ሁለት ግን አንድ ነው። ሁለት ሊኑክስ ያለው ሰው ጎተራውን ኤክስት 4 ማድረግ ይችላል፤ በሁለቱም ላይ የተጠቃሚው ቁጥር አንድ መሆኑን ግን ያረጋግጥ። ሊኑክስ ባለቤትን የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ተጠቃሚ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ነው። ቁጥሩ ከተለያየ በገዛ ፋይላችሁ ላይ “ፈቃድ የለህም” ትባላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳትዘነጉ፦ ዊንዶውስ ላይ “ፋስት ስታርትአፕ” የሚባለውን አጥፉ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኮምፒውተሩን ዘጋን ስንል ዊንዶውስ በሙሉ አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል፣ ክፋዮቹንም እንደያዘ ይቀራል። ሊኑክስ ያንን አይቶ ጎተራውን “ማንበብ ብቻ” ያደርገዋል ወይም ጭራሽ አይከፍተውም። ብዙ ሰው “ሊኑክስ ፋይሌን አበላሸብኝ” የሚለው በዚህ ሰበብ ነው። ሊኑክስ ጠባቂ ነው እንጂ ሌባ አልነበረም።

ቤት ውስጥ ላፕቶፑ አንድ፣ ተማሪው ሦስት ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ የራሱ አካውንት፣ ጎተራ ውስጥም የራሱ ፎልደር። ይህን አናብራራም፤ ታናሽ ወንድም ያላት ሁሉ ገብቷታል።

“ክላውድ ላይ አስቀምጪው”

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቻችን ይህን ሁሉ ሲሰሙ ይስቃሉ። “በዚህ ዘመን ፓርቲሽን? ክላውድ ላይ ጣሉትና ተገላገሉ!” ለእነሱ መልሳችን አያቶቻችን ያስቀመጡልን ነው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ክላውድ ማለት ደመና ነው፤ ላሟም እዚያው ናት።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ዞኖች ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋ ነቀምቴን በመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች ስልክ ቢኖርም ኢንተርኔት አልነበረም። የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን ነው። ሦስት ወር ገደማ! ያኔ ኮሮና ዓለምን እያዳረሰ ነበር፤ ጊምቢ ያለ ሰው ስለበሽታው የሚሰማው ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘጋ። በእነዚያ ወራት ድርሳኑ ጉግል ድራይቭ ላይ ብቻ የነበረ ተማሪ ድርሳን አልነበረውም። የልጁ ፎቶ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ አባት ፎቶ አልነበረውም። ማንም አልሰረቃቸውም፤ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ስለነበር ብቻ ነው።

ስለዚህ እዚህ አገር፣ በተለይም ወለጋ፣ የራስ ጎተራ መኖር የኮምፒውተር አፍቃሪዎች ጨዋታ አይደለም። ሥራህ በእጅህ ይሁን ማለት ነው። ኢንተርኔት ሲኖር ክላውድ ላይም ይቀመጥ፣ አንከለክልም። ግን ክላውዱ ቅጂው ይሁን፤ ዋናው ጎተራ ውስጥ ይሁን።

የሚነሳብን ተቃውሞ

“ሲ ይሞላብኛል፣ ጎተራው ባዶ ይቆማል” የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። ክፋይ አንዴ ከተሠራ ማስፋትና ማጥበብ ይቻላል ግን አሰልቺ ነው፣ መብራት በመሃል ከጠፋም አደገኛ ነው። በ128 ጊጋ ዲስክ ላይ ሁለት ሥርዓትና ጎተራ አብሮ አይሄድም፤ አንዱን ሥርዓት ምረጡና በእሱ ላይ ሰነዱን ብቻ ለዩ። የተጣበበ ጎተራ ከሌለ ጎተራ ይሻላል።

“ዲስኩ ራሱ ቢሞትስ?” ይህ ከሁሉም የበለጠ ተገቢ ጥያቄ ነው። ክፋይ ቅጂ አይደለም። ሲም ጎተራውም በአንድ ዲስክ ላይ ናቸው፤ ላፕቶፑ ከወደቀ፣ ከተሰረቀ፣ በመብራት መምጣት መሄድ ከተመታ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። (የፊንጫ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እዚያው ሆሮ ጉድሩ ውስጥ ኃይል ሲያመነጭ ኖሯል፤ ሻምቡ ላይ መብራት ሲጠፋ ይህን ማሰብ ልዩ ስሜት አለው።) “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል” የተባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ባላ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነው፤ አቅም ከሌለ ፍላሽ። ጎተራ ያለው ሰው ይህን ለማድረግ ይቀለዋል። አንድ ክፋይ መርጦ መቅዳት ነውና፤ ሲን እየበረበረ “ይቺስ ታስፈልገኝ ይሆን?” አይልም።

ሌላው አዲስ መዘዝ ቁልፍ ነው። ከዊንዶውስ 11 የ2024 እትም ወዲህ በማይክሮሶፍት አካውንት እንደ አዲስ የሚጫን ዊንዶውስ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን ሳይጠይቅ ይቆልፋል፤ ጎተራውንም ጨምሮ። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን የሚቀመጠው ኢንተርኔት ላይ፣ አካውንታችሁ ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተው የሱቁ ልጅ ከሆነ፣ በራሱ ኢሜይል ከሆነ፣ የጎተራችሁ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወረቀቱን የዲግሪ ዋናው ወረቀት የሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጡት።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ባለሙያው “ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋው ይለያል” ሊል ይችላል። ይለይ! ክፋይ መሥራትና ዶክዩመንትስን ማዛወር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ለሩብ ሰዓት ተጨማሪ ክፈሉት፣ ሥራ ነውና። ግን መጀመሪያ ሥሩልኝ በሉ፣ አጠገቡም ቁሙ፣ ክፋዮቹን በዓይናችሁ እዩ፣ የትኛው እንደሚፎርመትና የትኛው እንደማይነካ ጣቱን አስቀምጦ ያሳያችሁ። “ይሄ ሁሉ ለአንቺ አያስፈልግሽም፣ እህቴ” ካለ ላፕቶፑን ዘግታችሁ ውጡ። ነቀምቴ ውስጥ ያለው ሱቅ እሱ ብቻ አይደለም።